ባለ ተራዋ ሳትፈቅድ አይነሳም

ቢቸና ውስጥ አንድ ወፍጮ ቤት አለ፤ ከበሩ በስተቀኝ ባለው ግድግዳ ላይ በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ተሰቅሎበታል። ከወረቀቱ ግርጌ የእኔ ፊርማ አለ። ይህ ወረቀት ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ቄስና ሽማግሌ ተሰብስቦ እያየ በገዛ እጄ አውርጄዋለሁ። ሰው ፊት መናገር ላብ በላብ ለሚያደርገኝ ለእኔ፣ እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ያን ወረቀት ማውረዴ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ነው። ኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምሬ ስጨርስ ሥራ ያገኘሁት ግን ሞጣ፣ አንድ ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ ሆነ። የወርክሾፑ ባለቤት አያታቸውም አባታቸውም ሞጣ ገበያ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሙስሊም ናቸው። እርሳቸው ከጨርቁ ይልቅ ሽቦው አማራቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሥራ ልጠይቅ የሄድሁ ዕለት ዲግሪዬን እንኳ በወጉ ሳያዩ፣

«ሰው ማናገር ትችያለሽ?» አሉኝ።

«ትንሽ» አልሁ።

«ግድ የለም። እዚህ የምታናግሪው ሽቦ ነው፤ ሽቦ ደግሞ ‹መቼ ነው የምታገቢ› አይልም።»

ሥራችን ለወፍጮ፣ ለውሃ ፓምፕና ለዘይት መጭመቂያ የሚሆን የመቆጣጠሪያ ሳጥን መሥራት ነው፤ ፓኔል እንለዋለን። ድሮ ፓኔል ማለት ማብሪያና ማጥፊያ ነበር። አሁን በውስጡ ትንሽ ኮምፒውተር አለ፤ ሞተሩ መቼ ይነሳ፣ መቼ ይቁም የሚለውን የሚወስነው እኔ የምጽፈው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ከተሳሳተ የሰው እጅ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያ የሠራሁበትን ዘዴ ወርክሾፑ ውስጥ አስገባሁት።

ዘዴው እንዲህ ነው። ከቶ መሆን የሌለበትን ነገር ቁርጥ ባለ ዐረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ ለምሳሌ «ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሳለ ድንጋዩ ከቶ አይዞርም» ብዬ። ከዚያ ማሽኑንም ፕሮግራሙንም በሒሳብ ቋንቋ ለኮምፒውተሩ እነግረዋለሁ። ኮምፒውተሩም ሊደረጉ የሚችሉትን ነገሮች ሁሉ፣ ሊከተሉ በሚችሉት ቅደም ተከተል ሁሉ፣ አንድ በአንድ ይሄድባቸዋል። መጥፎ መንገድ ካገኘ «በዚህ ገብቶ፣ በዚህ አልፎ፣ እዚህ ላይ እጅ ይቆረጣል» ብሎ ደረጃ በደረጃ ያሳየኛል። ምንም ካላገኘ «ተረጋግጧል» ይላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለጋሼ ሳሳያቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስክሪኑን አዩ።

«ስንት ጊዜ ሞክሮ ነው እንዲህ የሚለው?»

«አልሞከረም ጋሼ። ሁሉንም አይቶ ነው።»

«ሁሉንም የሚያይ አላህ ነው» አሉ፤ «ይኸ ያየው አንቺ ያሳየሽውን ነው።»

ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ከቢቸና ሥራ የመጣው። አንድ የሰበካ ጉባኤ ለቤተ ክርስቲያኑ ገቢ የሚሆን አዲስ ወፍጮ ሊተክል ፓኔሉን እንድንሠራለት ጠየቀ። የእናቴ ሰፈር ነው። ጋሼ «በይ፣ አገርሽ ግቢና ምን ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቀሽ ነይ» ብለው ላኩኝ።

አሮጌው ወፍጮ ያኔ ገና ይሠራ ነበር። ከደጁ አስፈጪዎች፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች፣ ጆንያቸውን በተራ ደርድረው በየጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «የእገሊት ልጅ አይደለችም?» ሲባባሉ ሰማሁ። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁና አንገቴን ደፍቼ፣ በግድግዳው ጥግ ጥግ ብዬ ገባሁ። ውስጥ ፈጪው አሉ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ወፍጮ ሲያንቀሳቅሱ የኖሩ፣ ቅንድባቸው ድረስ ዱቄት የለበሱ ሽማግሌ። ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ።

«ከቶ መሆን የሌለበት ነገር ምንድን ነው፣ አባባ?»

«ድንጋዩ ባዶውን መዞር የለበትም፤ እርስ በርሱ ይፋጫል።»

«ሌላስ?»

«ላዩን ክዳን ከፍቼ ድንጋዩን ስወቅር መነሳት የለበትም። ከተነሳ እኔን ነው የሚፈጨኝ።»

«ሌላስ?»

«መብራት ሄዶ ሲመጣ በራሱ ይነሳል፤ እሱ ሰይጣን ነው። እሱን አስወግጅልኝ።»

ከድንጋዩ ሥር ያለውን የብረት ሳጥን አየሁ። የተፈጨው ዱቄት እዚያ ይወርድና፣ ከድንጋዩ ጋር የሚዞር ብረት እየገፋ በጨርቅ እጅጌ በኩል ወደ ጆንያው ያፈሰዋል። በሳጥኑ ጎን ትንሽ መስኮት አለች።

«ከታች በዚህ በኩልስ?»

«ከታች ምን አለ? እዚያ እጁን የሚያስገባ የለም።»

ጻፍሁ። ፓኔሉን ዱቄት እንዳያበላሸው ከወፍጮው ራቅ ብሎ ከበሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ቢተከል ይሻላል አልሁ፤ እርሳቸውም ተስማሙ። ስወጣም እንደ ገባሁት ጥግ ጥግ ብዬ ወጣሁ። ከሴቶቹ አንዷን እንኳ አላናገርሁም።

ሞጣ ተመልሼ ሠራሁት። በላዩ ክዳን ላይ መከፈት መዘጋቱን ለፓኔሉ የሚነግር ሴንሰር አደረግሁ፤ ፈጪው የነገሩኝን ሁሉ «ከቶ» በሚል ቃል ጻፍሁ። ኮምፒውተሩ ሁለት ጊዜ መጥፎ መንገድ አገኘብኝ፤ ሁለቱንም አስተካከልሁ። በሦስተኛው «ተረጋግጧል» አለ፤ ለሁሉም። ጋሼ ከእኔ በላይ ደስ አላቸው።

«ጻፊውና ፈርሚበት። እኛ ሸጠን የምንሄድ ሰዎች አይደለንም፤ ፈርመን ነው የምንሄድ።»

ራሳቸው ወስደው በፕላስቲክ አሸፈኑት። «ይህ ወፍጮ የሰው እጅ በውስጡ ሳለ ከቶ አይነሳም» ይላል የመጀመሪያው መስመር።

ቢቸና ውስጥ በዓል ያልዋለበት ቀን ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ተፈልጎ አንድ ሐሙስ ተገኘ። ፓኔሉን በብርድ ልብስ ጠቅልለን በአይሱዙ ጫንነው፤ ደብረ ወርቅን እስክናልፍ ጋሼ በየጉድጓዱ እንደ ሕፃን ሲደግፉት ነበር። ጠዋት ተከልነው። ረፋድ ላይ ቄሱ መጡ፣ የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበርና ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ሴቶቹም ጆንያቸውን ይዘው መጡ። ወረቀቴ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ቄሱ ባረኩ።

«የኢንጅነሯ እናት ትቅደም!» አለች አንዷ።

«ልጇ ካልቀደመቻት» አለች ሌላዋ፤ ተሳሳቁ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ጤፏን አቀረበች። ፈጪው አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫኑ፤ ወፍጮው ተነሳ። ድምፁ ከአሮጌው ይልቅ ለስላሳ ነበር። የእናቴ ጤፍ አለቀና ቆመ። ፈጪው የቀጣይዋን ገብስ ከላይ ጨመሩ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «የመጀመሪያውን ፈጪው አስነሡ። ሁለተኛውን አንቺ አስነሽው፤ የፈረምሽው አንቺ ነሽ።»

ሰው ሁሉ አየኝ። ፊቴ እየጋለ ወደ ግድግዳው ሄድሁና ጣቴን አረንጓዴው ቁልፍ ላይ አሳረፍሁ። ከዚያ ቆሞ የሚታየው የወፍጮው የላይ ግማሽ ብቻ ነው፤ ታቹን የተደረደረው ጆንያ ይጋርደዋል። ሰው እንዳያየኝ ዓይኔን ወደ መሬት ሰበርሁ፤ በጆንያዎቹ መካከል ከወፍጮው ግርጌ ብቅ ያለ የጫማ ሶል ታየኝ። አወቅሁት። ለፋሲካ ለእናቴ የገዛሁላት ነው።

እጄን ከቁልፉ ላይ አንስቼ ሮጥሁ። እናቴ ተንበርክካ፣ በዚያች ትንሽ መስኮት በኩል እጇን እስከ ክርኗ ከትታ፣ የሚዞረው ብረት ጀርባ የቀረውን ዱቄት በመዳፏ እየጠረገች ነው።

«እማ!»

እንዲህ ጮኼ አላውቅም። እናቴ ደንግጣ ቀና አለች።

«ምን ሆንሽ? ጥራጊዬን ላወጣ ነው እንጂ።»

«ማን እጅሽን አስገቢ አለሽ?»

«ማን ይበለኝ? ሁልጊዜ እኮ ነው።»

«ታዲያ ጤፏን ለእኔ ገብስ ትተውልኝ?» አለች ባለ ገብሷ። ሌሎቹም ተቀበሏት፤ ያስፈጨች ሁሉ ጥራጊዋን በእጇ ጠርጋ ነው የምትሄድ፤ የአንዷ ዱቄት ከሌላዋ እንዳይቀላቀል፤ ከእናቶቻቸው ጀምሮ እንዲህ ነው።

ፈጪው ተቆጡ። «እኔ አንድም ቀን አላየሁ!»

«ጀርባዎን ሲሰጡ ነዋ!» አለች አንዷ። «እያዩማ ይጮኹብናል።»

«በአሮጌው ጊዜ ቁልፉ እዚሁ ወፍጮው ሥር ነበር» አለች እናቴ ረጋ ብላ፤ «እርሳቸው ሲመለሱ እግራቸውን እናያለን፤ እጃችንን እናወጣለን።»

ቁልፉን ከዚያ አንስቼ በሩ አጠገብ የወሰድሁት እኔ ነኝ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ይኸ ቀላል ነገር ነው። እጅ ማስገባት ክልክል ነው ብሎ መለጠፍ ነው። እንግዳ ተጠርቷል፤ ምርቃቱ ይቀጥል።»

ጋሼን አየኋቸው። ይህ ወፍጮ እንዲህ በሰው ፊት ከቆመ ከሞጣ እስከ ቢቸና ባለው መንገድ ሁሉ እንደሚወራባቸው አውቃለሁ። እርሳቸው እኔን ይጠብቃሉ። ወደ ግድግዳው ሄድሁና ወረቀቱን ነቀልሁት።

«እዚህ ላይ ‹ከቶ› ብዬ ፈርሜአለሁ» አልሁ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝምና ደገምሁት። «ከቶ ብዬ ፈርሜአለሁ። እውነት አይደለም። ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም፤ የነገርሁት ወፍጮ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ፈጪው። እናንተን አልነገርሁትም። አልጠየቅኋችሁምና አላወቅሁም። እስካስተካክለው ድረስ ይህ ወፍጮ አይነሳ።»

ጋሼ ከኪሳቸው ካቻቢቴ አወጡ፤ ፓኔሉን ከፈቱ፤ ፊውዙን ነቀሉና በሁለት እጃቸው ለቄሱ አቀረቡ።

«አባ፣ ይኸ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ። ልጄ ካላለች በቀር አይመለስ።»

ቄሱ ፊውዙን አገላብጠው አዩት። «ከመስቀሌ ጋር ነው የማኖረው» ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

አሮጌው ወፍጮ ተነቅሎ ነበርና ሴቶቹ ጆንያቸውን ተሸክመው በሌላ ሰፈር ወዳለው ሩቅ ወፍጮ ሄዱ። «ከተፈረመበት ወፍጮስ ያልተፈረመበት ይሻላል» ስትል አንዷን ሰማኋት። አልተቀየምሁም፤ እውነቷን ነው።

በማግስቱ ጠዋት እናቴን ተከትዬ ሩቁ ወፍጮ ሄድሁ። በዚህ ጊዜ ጥግ ጥግ አላልሁም፤ ከሴቶቹ መካከል አንድ ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ እንደ ጠበቅሁት ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው የምታገቢ?»

«ወፍጮው ሲነሳ» አልሁ። ሳቁብኝ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አፋቸውን አልከደኑም።

በሦስት ቀን ደብተሬ ሞላ። ዱቄቱ ልሞ እንደሆነ ለማየት ወፍጮው እየዞረ ከሚወርደው ላይ ቆንጥረው በጣታቸው ያሹታል። መብራት ሲሄድ ፈጪው ውጭ ወጥተው ሲቀመጡ እነርሱ ቀስ ብለው ይገቡና ጥራጊያቸውን ይወስዳሉ። አንዲት አሮጊት እናት ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«እኔ በመስኮቱ አይደለም የማስገባ» አሉኝ። «እጄ ቀጭን ነው፤ በጨርቁ እጅጌ ከታች ወደ ላይ ነው የምሰደው።»

እርሳቸው ባይነግሩኝ ኖሮ መስኮቷ ላይ ሴንሰር አድርጌ፣ ዳግመኛ «ከቶ» ብዬ ልፈርም ነበር። በጨርቅ ውስጥ የገባን እጅ ሴንሰሩ አያየውም።

ሞጣ ስመለስ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነገርሁት፤ ፈጪውን፣ አስፈጭታ የጨረሰችውን፣ ቀጥላ የምትጠብቀውን። ለመስኮቷ ሴንሰር ሰጠኋት። ከወፍጮው አንድ እርምጃ ርቆ ምሰሶ አለ፤ እርሱ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ አደረግሁ። የጨረሰችው ሴት እርሱን ተጭና «ጨርሻለሁ» ካላለች፣ ፈጪው አረንጓዴውን ቢጫኑ ወፍጮው አይሰማቸውም። እምሰሶው ዘንድ የቆመ ሰው እጁን ወፍጮው ውስጥ ማድረግ አይችልም፤ ከዚያ ሆኖም የወፍጮው ግርጌ ወለል ብሎ ይታያል።

ጥሩ የሠራሁ መሰለኝ። ኮምፒውተሩ ወዲያው አንድ መንገድ አገኘብኝ። ሴትዮዋ ቁልፉን ተጫነች። ፈጪው ሳያስነሱ መብራት ሄደ። መብራቱ እስኪመጣ ብላ ተመልሳ ተንበረከከችና እጇን በእጅጌው ሰደደች። መብራት መጣ። ፈጪው አረንጓዴውን ተጫኑ። ፓኔሉ ቅድም የሰጠችውን ፈቃድ አልረሳም ነበርና ድንጋዩ ዞረ።

ይህን ሳነብ እነዚያ ሴቶች ፊቴ ድቅን አሉብኝ። ጥራጊዋን ያስታወሰች ሴት መመለሷ አይቀርም፤ እያንዳንዱ እርምጃ እነርሱ የሚያደርጉት ነው። ኮምፒውተሩ ቢቸናን አያውቅም፤ ግን እኔ የነገርሁትን በትክክል ተከትሎ እኔ ያላሰብሁት ቦታ ደረሰ። ሥራዬን የምወደው ስለዚህ ነው።

ለጋሼ አሳየኋቸው። ትንሽ አሰቡና «ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ሲለካ እኮ ደንበኛው አንዱን ጫፍ ይዞ ነው የሚጠብቅ፤ እስኪቆረጥ አይለቅም» አሉኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሴትዮዋ ቁልፉን ነክታ መሄድ የለባትም፤ ድንጋዩ መዞር እስኪጀምር ይዛ ትቆይ። ከለቀቀች ፈቃዱ የለም። መብራት ከሄደም የለም። እንዲህ አድርጌ ጻፍሁት። ኮምፒውተሩ ረጅም ጊዜ ፈጀ፤ መንገዶቹን ሁሉ ሄደ። አላገኘም።

«አሁንስ ሁሉንም አየ?» አሉ ጋሼ ከኋላዬ።

«ያሳየሁትን አየ ጋሼ።»

«ጎሽ!»

ሁለተኛው ምርቃት ላይ እንግዳ አልተጠራም። ቄሱ ፊውዙን ከመስቀላቸው ጋር ከኪሳቸው አወጡና «አደራህን ተቀበል» ብለው ለጋሼ ሰጧቸው። እናቴ አሁንም የመጀመሪያዋ ባለ ተራ ነበረች። ጤፏ አለቀ፤ ወፍጮው ቆመ። ተንበርክካ መስኮቷን ከፈተች፣ ጥራጊዋን ሳትጣደፍ ጠረገች፣ እጅጌውን አራገፈች፣ መስኮቷን ዘጋች። ፈጪው ከበሩ አጠገብ ቆመው አረንጓዴውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫናሉ፤ ወፍጮው ዝም።

«ይጠብቁ!» አለች ባለ ገብሷ። «ዛሬ ባለ ተራዋ ሳትፈቅድ አይነሳም።»

«ስንት ዘመን ፈጭቼ፣ በሴት ፈቃድ ልፍጭ?»

«እስከ ዛሬስ የማንን ዱቄት ሲፈጩ ኖሩ?»

ሽማግሌው ራሳቸው ሳቁ። እናቴ ወደ ምሰሶው ሄዳ ቁልፉን በአውራ ጣቷ ተጭና እንደ ያዘች ዞራ አየችኝ፤ ፈጪው አረንጓዴውን ተጫኑ። ድንጋዩ ዞረ። ጣቷን ስታነሳ ቁልፉ ላይ የዱቄት አሻራ ቀረ። ወረቀቱን የሰቀልሁት ያን ጊዜ ነው።

አዲሱ ወረቀት ከፊርማዬ በላይ ማንን ማንን እንደ ጠየቅሁ ይናገራል፤ ፈጪውንና ሩቁ ወፍጮ አብሬያቸው የተቀመጥሁትን ሴቶች። ከፊርማዬ በታች ባዶ መስመሮች ትቼ «ያልጠየቅሁት ነገር ያየ ይጻፍበት» ብያለሁ። እርሳስም በክር አንጠለጠልሁ። ሊቀመንበሩ «ይኸ ሰውን ያስፈራል» ብለው ነበር፤ ጋሼ ግን ተዋት አሉ።

ባለፈው እናቴን ልጠይቅ ስሄድ አየሁት። በመጀመሪያው ባዶ መስመር ላይ በተማሪ እጅ ጽሑፍ፣ ምናልባት እናቷ እያስጻፈቻት፣ እንዲህ ተጽፏል፦ «ድንጋዩን የሚያዞረው የሞተሩ ቺንጋ አጠገብ ነጠላ የምንሰቅልበት ምስማር አለ። ነፋስ ሲገባ የነጠላው ጫፍ ወደ ቺንጋው ይሄዳል።»

ምስማሩ ለኮምፒውተሩ ከነገርሁት በአንዱም ውስጥ የለም። ዕለቱን በመዶሻ ነቀልሁት፤ ከበሩ ማዶ ባለው ግድግዳ ላይ ሌሎች ሦስት ምስማሮች መታሁላቸው። አሮጌው ምስማር ጎበጥ ያለ ነው። ሞጣ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ፤ አዲስ ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ እርሱን አያለሁ፤ ከዚያ ተነስቼ ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች ልጠይቅ እሄዳለሁ።